ሦስቱም አንድ ከሆነ

አባቴ ሐኪም አድንቆ አያውቅም። ባለፈው ዓመት ግን አንዱን አደነቀ። ሰውየው የሳንባውን ፎቶ መብራት ላይ ሰክቶ ትንሽ ካየው በኋላ፣ «የእርስዎ ችግር አየር ማስገባት አይደለም፣ ማስወጣት ነው። አሮጌው አየር ውስጥ ቁጭ ስለሚል አዲሱ ቦታ ያጣል» አለው። አባቴ አውቶቡስ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሲሠራ ነገርን እንዲህ ጥርት አድርጎ የሚያስረዳ ሰው የገጠመው አይመስለኝም፤ ፎቶውን ትቶ ሐኪሙን ማየት ጀመረ።

«የኔም መኪና ልክ እንደዚሁ ናት» አለ።

ሐኪሙ ስለ መኪናዋ አልጠየቀም። ሲጋራ፣ ጢስ፣ አቧራ፣ የብረት ብናኝ ከዛሬ ጀምሮ እንዳይቀርበው ነገረን፤ አንዲት የፕላስቲክ ቱቦም ሰጠን። ጠዋት ጠዋት ሦስት ጊዜ ይነፋባታል፤ በጎኗ ያለችው ቀይ ጠቋሚ ትንፋሹ እስከቻለው ድረስ ትገፋለች፤ ቁጥሩ ይጻፋል። ከሁለት መቶ በታች ከወረደ በዚያው ቀን ይዘነው እንድንመጣ አዘዘን። «በዚያው ቀን» የሚለውን ሁለቴ ነው የተናገረው። ሁለተኛውን እኔን እያየ ነበር።

ወደ ቤት ስንወርድ አባቴ ስለ ሳንባው አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ ቴስታታ ግን ብዙ ተናገረ። ቴስታታ ማለት የሞተሩ ክዳን ነው፤ አየርና ነዳጁ የሚገባው፣ የተቃጠለውም ጢስ የሚወጣው በእሱ ቀዳዳዎች በኩል ነው። እንደ አባቴ አባባል ፋብሪካው የጢሱን መውጫ ጠባብና ሻካራ አድርጎ ትቶታል፤ መኪናዋ ዕድሜዋን ሙሉ ታፍና የኖረችው በዚህ ምክንያት ነው። ቀዳዳዎቹ ሰፋ፣ ለስለስ ቢሉ ዳገቱን በሦስተኛ ማርሽ ትወጣለች።

ዳገቱን ማወቅ ያስፈልጋል። ቤታችን ከግርጌው ነው። ገበያው፣ ሆስፒታሉ፣ የእናቴ እህት፣ ባጠቃላይ የሚፈለግ ነገር ሁሉ ከላይ ነው። መኪናችን በአንደኛና በሁለተኛ ማርሽ ስትንፏቀቅ በእግሩ የሚሄድ ጎረቤት ቀድሞን ያልፍና ሰላም ሳይለን ማለፉ ትዝ ሲለው ተመልሶ ሰላም ይለን ነበር። አባቴ ሳንባው ከደከመ ወዲህ ዳገቱን በእግሩ መውጣት ትቷል። ስለዚህ መኪናዋ ካልወጣች እሱም አይወጣም። ሦስተኛ ማርሽ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል፤ ቢሆንም አይሆንም አልኩት።

«ብናኝ አይቅረብህ ተብለሃል እኮ፣ አባዬ።»

«እኔ እሠራለሁ አልኩ?» አለኝ።

እዚህ ላይ የኔን ሥራ መናገር አለብኝ። ሰው ሠራሽ ጥርስ ነው የምሠራው። የሐኪሙ ልኬት ይመጣልኛል፣ ጥርሱን እቀርጻለሁ፣ እሞርዳለሁ፣ አለሰልሳለሁ። የምሞርደው እስክሪብቶ በምታህል የእጅ ሞተር ነው፤ ጫፏ ላይ ልዩ ልዩ መሞረጃ ይገባል። አባቴ ይህችን ሞተር ለዓመታት በክፉ ዓይን ሲያያት ኖሯል። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ቴስታታው በእናቴ ፎጣ ተጠቅልሎ አልጋዬ ላይ ተኝቶ አገኘሁት። መኪናዋ ውጭ ኮፋኖዋን ከፍታ ቆማለች። ምን አድርጎ እንደፈታው፣ በየብሎኑ መሃል ስንት ጊዜ ቁጭ ብሎ እንዳረፈ እናቴን ጠየቅኳት።

«ሰባት ጊዜ» አለች። «ቆጠርኩት። አትርጂኝ ብሎ ነው የሚያርፈው።»

ተዋዋልን። እኔ ጓሮ ባለችው የልብስ ማጠቢያ ክፍል፣ በርና መስኮት ዘግቼ፣ አፍና አፍንጫዬን ሸፍኜ እሞርዳለሁ። እሱ ከመስኮቱ ውጭ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በመስታወቱ ያየኛል። አንዴ መስታወቱን ካንኳኳ ቀጥዪ፣ ሁለቴ ካንኳኳ አቁሚ፣ ሦስቴ ካንኳኳ ጅል ነሽ ማለት ነው። ሦስተኛውን ምልክት ያወጣው እሱ ነው፤ እኔ አልፈረምኩበትም።

ሥራው ከጥርስ ብዙም አይለይም። ጓርኒሲዮኑን፣ ማለት በቴስታታውና በጢስ ቧንቧው መሃል የሚገባውን ቀጭን ልባስ፣ ቀዳዳዎቹ ላይ አስተኝቼ በዙሪያው በሹል ብረት መስመር ጫርኩ። ቀዳዳው እስከ መስመሩ ይሰፋል፤ ከዚያ ወደ ውስጥ እየጠበበ ይሄዳል። «ከመስመሩ አንዲት ፀጉር እንዳታልፊ» አለኝ አባቴ። «ከግድግዳው ጀርባ ውሃ አለ። ከበሳሽው ሞተሩ ጢስና ውሃ አንድ ላይ ይጠጣል።» የሰው ድድ ላይ አንዲት ፀጉር ስታልፍ ምን እንደሚሆን ስለማውቅ ምክሩ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ ልማዴ ነው። የጢሱን መውጫ እንደ መስታወት አለሰለስኩት፤ አንዴ ተንኳኳ። እጄ ሞቆ የአየር መግቢያውንም ማለስለስ ስጀምር ሦስቴ ተንኳኳ።

«መግቢያው ሻካራ ይሁን!» ብሎ በመስታወቱ ጮኸ። «ነዳጁ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ እንዲቀር ነው? ጥርስ መሰለሽ?» ከጮኸ በኋላ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ትንሽ ቆየ።

እናቴ በሦስተኛው ቀን መጣችብን። ነጭ አንሶላዋ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ተሰጥቶ ኖሮ በፀሐይ ሲታይ ያብለጨልጫል። «በዚህ ዕድሜዬ የመኪና ዱቄት ላይ አልተኛም» አለች፤ ልብሷን ሰብስባ ወደ ጎረቤት ማጠብ ጀመረች። የቀረውን ነገር ለኛ ተወችልን።

የሠራነው ሥራ መሻሻሉን የምናውቀው በመለካት ነው። ለዚህም አባቴ መሣሪያ ሠራ። ምንጣፍ የሚጠርገውን ማሽን አየር በሚተፋበት በኩል ከጣውላ ሳጥን ጋር አገናኘው፤ ሳጥኑ ላይ ቴስታታው ይቀመጣል፤ አየሩ በጢስ መውጫው ሲያልፍ በጎን ባለች ቀጭን ግልጽ ቱቦ ውስጥ ቀለም የገባበት ውሃ ከፍ ይላል። ብዙ አየር ካለፈ ብዙ ከፍ ይላል። ይኸው ነው። ቁጥሩን የምንጽፍበት ባለ አራት ማዕዘን መስመር ደብተር ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል፤ በግራ ረድፍ መኪናዋ፣ በቀኝ ረድፍ የአባቴ ትንፋሽ። ሁለት ደብተር ማበላሸት አላስፈለገም፣ ሁለቱም የማስወጣት ጉዳይ ነው አለ።

የመጀመሪያ ቀን ሦስት ጊዜ ለካሁ፤ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ፣ አርባ አንድ አገኘሁ። በራሴ ኮርቼ በመስኮቱ አሳየሁት። ደብተሩን አይቶ ፊቱን አኮሳተረ።

«ሦስቱም አንድ?»

«ሦስቱም!»

«እንግዲያው መለኪያው ሞቷል» አለ። «ነገር ሲለካ ይወዛወዛል፣ ልጄ። ማሽኑ ይሞቃል፣ ውሃው ይንቀጠቀጣል፣ ያንቺ ዓይን ይደክማል። ሦስት ጊዜ ለክተሽ ሦስቱም አንድ ከሆነ አየሩን እየለካሽ አይደለም። ቱቦሽን እይው።»

አየሁት። ቱቦው በሳጥኑ ጠርዝ ታጥፎ ውሃው ካለበት እንዳይነቃነቅ ታንቋል። ሳስተካክለው አርባ አንድ፣ አርባ ሦስት፣ አርባ ሁለት መጣ። አባቴ መስታወቱን አንዴ አንኳኳ።

ከዚያ ወዲህ ደህና ጊዜ ነበር፤ ይህንን አልክድም። ከሥራ ስመለስ ልብስ ቀይሬ እገባለሁ፣ እሱ በርጩማው ላይ ይጠብቀኛል። አንደኛው መውጫ አለቀ፣ ሁለተኛው አለቀ። ልጅ ሳለሁ ጋራዥ ይዞኝ ሄዶ አያውቅም፤ አሁን በአርባ ዓመቴ በመስታወት መሃል የሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራውን አስተማረኝ። የመኪናዋ ረድፍ አርባ አራት፣ አርባ ሰባት፣ አርባ ዘጠኝ እያለ ወደ ላይ ሄደ። የሱ ረድፍ መጀመሪያ ሁለት መቶ ስልሳ፣ ሁለት መቶ አርባ አምስት፣ ሁለት መቶ ሃምሳ ይል ነበር፤ በሳምንቱ ወርዶ ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ አምስት፣ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ሆነ፤ እንቅልፍ ነሳኝ። ከዚያ ግን ሁለት መቶ ሃያ ላይ ቆመ። ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ። ጠዋት ጠዋት ደብተሩን አይቼ ደስ ብሎኝ ሥራ እሄዳለሁ።

አባቴም ጠባዩ ተሻሻለ። ጅል ነሽ የሚለውን ምልክት ተወው። ወሬውን አሳጠረ። ማንኳኳቱ ራሱ ለስለስ አለ። «ሰውየው ሰው ሆነ» አለች እናቴ። እኔም እጄ ስለተስተካከለ የሚነቅፈው አጥቶ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

አራተኛው መውጫ ያለቀው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ለካሁ፤ ሃምሳ ሁለት፣ ሃምሳ፣ ሃምሳ ሦስት። ደብተሩ ላይ ጻፍኩት። ሃምሳዋ ትንሽ ከፋችኝ፣ ቢሆንም ቁጥር ይወዛወዛል ብዬ ራሴን አጽናናሁ። እዚያ ላይ ዓይኔ ወደ ቀኝ ረድፍ ሄደ።

ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ፣ ሁለት መቶ ሃያ። በዚያው በሚያምር የእጅ ጽሑፉ። ወደ ላይ ሄድኩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንድም አልተወዛወዘም።

 ተናደድኩ፤ መጀመሪያ በሱ፣ ቀጥሎ በራሴ። አሥራ ዘጠኝ ጠዋት ያንን ረድፍ አይቼዋለሁ። የሰውን ጥርስ በፀጉር ልክ የምለካ ሴት ነኝ፤ ሦስቱም አንድ ሲሆን ምን ማለት እንደሆነ በመኪናዋ ረድፍ ላይ ተምሬያለሁ። የአባቴን ያላየሁት ማየት ስላልፈለግኩ ነው።

መሸፈኛዬን አውልቄ ወጣሁና ቱቦዋን ሰጠሁት።

«ንፋ።»

«ጠዋት ነፍቻለሁ።»

«እኔ እያየሁ ንፋ፣ አባዬ።»

አየኝ። ሊከራከር ፈልጎ ነበር፤ ትንፋሹን ለየትኛው እንደሚያውለው አስቦ ክርክሩን ተወው። ነፋ። መቶ አርባ። አረፈ። ነፋ። መቶ ሃያ አምስት። ብዙ አረፈ። መቶ ሠላሳ አምስት።

«ይኸው ተወዛወዘ» አለ። «ደህና መለኪያ ናት።»

«ጠቋሚዋን በምን ነበር የምትገፋት?»

«በጣቴ።»

ምን ብዬ እንደጮህኩበት አላስታውስም። እናቴ ከጎረቤት እርጥብ ልብስ ይዛ ሮጣ መጥታ ነበር፤ ስለዚህ ብዙ ጮኼያለሁ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ። «ባትላሜራው ለሦስት ቀን ብሎ ሆስፒታል ገባ» አለ። ባትላሜራው የጋራዡ ቀጥቃጭ፣ የዕድሜ ልክ ጓደኛው ነበር። «መኪናውን ግማሽ ቀለም ቀብቶ ትቷት ሄደ። እስከ ዛሬ ግማሽ ቀለም ናት። እኔ ቴስታታ ክፍት ትቼ አልሄድም ብዬ ነው።»

«በዚያው ቀን ተብለን ነበር። በዚያው ቀን!»

«እንሠረውና እንሄዳለን። ሁለት ሰዓት አይፈጅም።»

አልታሠረም። ዳገቱን በታክሲ ወጣነው፤ ታክሲው ከግማሽ በኋላ ሁለተኛ ማርሽ አስገባ። አባቴ ከኋላ ወንበር ጎንበስ ብሎ ለሹፌሩ የጢስ መውጫው ጠባብ እንደሆነ ነገረው። ከዚያ በኋላ የሚናገርበት ትንፋሽ አልነበረውም።

ያው ሐኪም ነበር። አባቴን አልጋ ላይ አስተኝተው አፍንጫው ውስጥ የኦክስጅን ቱቦ አስገቡለት። በማግስቱ ሐኪሙ ኮሪደር ላይ ለብቻዬ አቆመኝና ነገረኝ። ቤቱ ይመለሳል፣ ግን ከኦክስጅን ማሽን ጋር ነው። ሳንባው ከዚህ በላይ አይሻሻልም። ከእንግዲህ መንዳት የለበትም፤ መሪ ላይ ሆኖ ራሱን ሊስት ይችላል። «ይንገሩት፣ ወይ እኔ ልንገረው» አለኝ። እኔ እነግረዋለሁ አልኩ።

ገባሁ። «ሐኪሙ ምን አለ?» አለኝ።

«ደህና ነው አለ» አልኩት።

ቴስታታውን እኔ አሠርኩት። እሱ ከአልጋው በስልክ ይመራኛል፤ በመሃል ነርሷ ስልኩን ትነጥቀዋለች፣ ስትወጣ ደግሞ ይደውላል። «ብሎኖቹን ከመሃል ጀምረሽ ወደ ዳር። አንዴ ሳይሆን በሦስት ዙር አጥብቂ። ምን ትቸኩያለሽ?» የቸኮለው እኔ አልነበርኩም። መኪናዋ በሁለተኛው ሙከራ ተነሳች፤ ድምጿ ወፈር ብሎ፣ ጉሮሮዋን የጠረገች መስላ። እናቴን አሳፍሬ ዳገቱን ወጣሁ።

እስከ ዳቦ ቤቱ መታጠፊያ በሦስተኛ ወጣች። ዕድሜዬን ሙሉ በእግር ሲቀድመን የኖረውን ጎረቤት አልፈነው ሄድን፤ እናቴ በመስኮት ሰላም ለማለት እንኳ አልደረሰችም። ከመታጠፊያው በኋላ ግን ተንገጫገጨች፣ ዛለች፤ ሁለተኛ አስገባሁ።

«በስንት ማርሽ?» አለኝ ገና በሩን ከፍቼ ሳልገባ።

ቱቦው አፍንጫው ውስጥ ነው። ዓይኑ ብቻ ነው የተነሳው።

«በሦስተኛ» አልኩት። እናቴ የአልጋ ልብሱን ማስተካከል ጀመረች።

ከዚያ በየቀኑ በገባሁ ቁጥር ሁለት ጥያቄ ጠየቀኝ። በስንት ማርሽ? በሦስተኛ። ሐኪሙስ? ደህና ነው ብሏል። መልሱ ቀላል ስለነበር ወደድኩት። ደብተሩን አምጪልኝ ብሎኝ አምጥቼለታለሁ፤ ትንፋሹን አሁን በነርሷ ፊት ነው የሚነፋው። ከጎኑ ሌላ ነገር ሲጽፍ አየዋለሁ፤ ምን እንደሆነ አልጠየቅኩም።

በስምንተኛው ቀን ዝናብ ነበር። ገባን፤ እናቴ ጃንጥላዋን በር ሥር አቆመች።

«በስንት ማርሽ?»

«በሦስተኛ።»

«ከዳቦ ቤቱ መታጠፊያ በኋላም?»

«ከዚያም በኋላ።»

«በዚህ ዝናብ? እናትሽም ተሳፍራ?»

«እሷም ተሳፍራ።»

እናቴ መስኮቱን ማየት ጀመረች።

«ሐኪሙስ?»

«ደህና ነው ብሏል።»

ደብተሩን ከትራሱ ሥር አውጥቶ ሰጠኝ። በቀኝ በኩል የሱ ትንፋሽ አለ፤ መቶ ሠላሳ፣ መቶ ሃያ፣ መቶ አርባ አምስት፣ መቶ ሠላሳ፣ ከፍ ዝቅ እያለ። በግራ የመኪናዋ ረድፍ አለ፤ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሦስተኛ፣ ሰባት ጊዜ። አጠገቡ አዲስ ረድፍ አስምሯል። ደህና፣ ደህና፣ ደህና።

«ልጄ» አለኝ፣ «መለኪያሽ ሞቷል።»

አለቀስኩ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ፣ የጥርስ ደንበኞቼ ቢያዩኝ በማፍርበት ዓይነት አለቀስኩ። አባቴ እስክጨርስ ጠበቀኝ፤ ይሄ ልማዱ ነው።

«መጀመሪያ ቀላሉን ንገሪኝ» አለ።

«እስከ መታጠፊያው በሦስተኛ ትወጣለች። ከዚያ ትዝላለች። ሁለተኛ ነው የማስገባው። አንዴማ ወደ አንደኛ ወርጃለሁ።»

«ትንገጫገጫለች?»

«ትንገጫገጫለች።»

ደስ አለው። እውነቴን ነው፣ ጉንጩ ላይ ቀለም መጣ። «አየሩ በዛ፣ ነዳጁ አነሰ። ካርቡራተሩ ውስጥ ያለችውን የነዳጅ ቀዳዳ በትልቅ መለወጥ ነው። ሙሉ ባይሆንም ይሻላታል። ለምን በመጀመሪያው ቀን አልነገርሽኝም? ስምንት ቀን አቃጠልሽብኝ።» ትንሽ አረፈ። «አሁን ሌላውን።»

ነገርኩት። ማሽኑን፣ ሳንባው እንደማይሻሻል፣ ከእንግዲህ እንደማይነዳ፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኩት። እናቴ ከመስኮቱ ሳትዞር፣ «እኔንም ኮሪደር ላይ አቁሞ ነግሮኛል» አለች። አንዳችን ከሌላችን ስንደብቅ ነበር የከረምነው።

  አባቴ እጄ ላይ ያለውን የደብተር ሽፋን በአውራ ጣቱ ደባበሰ።

«ይሄኛው አይስተካከልም ማለት ነው» አለ።

«አይስተካከልም፣ አባዬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ እጁን ዘርግቶ የጎን ጠረጴዛውን እንጨት በጣቱ አንዴ አንኳኳ።

«እንግዲያው አንቺ ትነጃለሽ» አለኝ። «እስከ ዳቦ ቤቱ በሦስተኛ ውጪ። ከዚያ በኋላ ስትደክም ግን አታስጨንቂያት። ሁለተኛ አስገቢላት።»

«እሺ።»

«ጻፊው» አለኝ። በመኪናዋ ረድፍ ላይ ጻፍኩት።